ቋሚውን አትንቀሉ!

ስሙኝማ! የአጥር እንጨት ሰውን እንዲህ ያስፈነድቃል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ጎባ ከጎረቤቴ ጋር የሚያዋስነኝ አጥር ቆርቆሮው በዝገት ወንፊት ሆኗል፤ ማገሩም ረግፏል። ሁሉንም ነቅዬ በባሕር ዛፍ ልተካው ወስኜ፣ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ጭኖ የሚያመጣልኝን አይሱዙ ሳይቀር አነጋግሬ ነበር። አናጢው መጣና መቆፈሪያውን ትቶ በመጥረቢያው ጀርባ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ያንኳኳ ጀመር። ቃ! ቃ! ቃ! አንዱ ጋ ሲደርስ ዱብ አለ።

«ይሄ ሞቷል። ሌሎቹን ግን ማን ነው ንቀል ያለዎት?»

ቋሚ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት፣ አፈሩ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ግርጌውን አንድ ስንዝር ያህል ጫረና ቢላ ወጋበት። የውጩ ነጭ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ፤ ልቡ ጋ ሲደርስ ቢላው ቆመ። ደም የመሰለ ቀይ! የአናቱን ስንጥር በመጋዝ ሲቆርጠው ግቢው አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሸተተ። ለካ የሐበሻ ጥድ ኖሯል! (እርሳስ ይሠራበት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው፤ አፍንጫዬ ቀደመኝ።)

ከ23ቱ ቋሚ 19ኙ ደህና! በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን የሚጠለልበት ዛፍ እኮ ነው! እኔ ደግሞ ለማገዶ ልፈልጠው ነበር።

አሮጌውን ሚስማር በጉጠት መንቀል፣ አዲስ ማገር መምታት፣ ቆርቆሮ ማልበስ፤ በቃ። አራቱ የሞቱት ጉድጓድ ውስጥ ባሕር ዛፍ ገብቶ በድንጋይ ተጠቀጠቀ። በሁለት ቀን አለቀ!

ከሁሉ የጣመኝ ግን ሌላ ነው። አጥር ሲታደስ ጉድጓዱ አንድ ክንድ ወዲህ ወይ ወዲያ ይልና ሽማግሌ ይጠራል። ጎረቤቴ እትዬም ከጠዋት ጀምሮ ነጠላቸውን አጣፍተው በራፋቸው ላይ ቆመው ነበር። መቆፈሪያው እንዳልተነካ ሲያዩ ግን ፊታቸው ፈካ።

«ቋሚው ካልተነቃነቀ ድንበሩም አልተነቃነቀ» ብለው ቡና አፈሉልን።

ሦስተኛው እንደተጠጣ አናጢውን ወደ ጓሯቸው ይዘውት ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ከወዲያ ማዶ ይሰማኝ ጀመር፤ ቃ! ቃ! ቃ!