የውሃው ሕግና የቀጂው ጉልበት፦ በኤሊኖር ኦስትሮም መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሒስ

ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የጋራ ሀብት አስተዳደርን የሚመለከተው መጽሐፍ፣ በስደት በምንኖረው የኢትዮጵያ ምሁራን ዘንድ ከተነበበው በላይ ተጠቅሷል። ጋሬት ሃርዲን በ1968 የጋራ የሆነ ሀብት ሁሉ በተጠቃሚዎቹ ስስት መጥፋቱ አይቀርም ሲል ለጻፈው ጽሑፍ ጠንካራ መልስ ስለሰጡ፣ በ2009ም በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት ስለተቀበሉ፣ ደቦንና እድርን ማወደስ የሚወድ ሁሉ መጽሐፉን በምስክርነት ይጠራዋል። ምስክርነቱ እስከ የት እንደሚደርስ የመረመረው ግን ጥቂት ነው።

ኦስትሮም የተከራከሩት በተጨባጭ ማስረጃ ነው። በቫሌንሲያ ገበሬዎች የመረጧቸው ዳኞች ሐሙስ ሐሙስ በካቴድራሉ ደጃፍ ተሰይመው የመስኖ ክርክር ይፈታሉ፤ በፊሊፒንስ ዛንሄራ የተባሉት ማኅበራት ግድባቸውን በአባላቱ ጉልበት ይጠግናሉ። ከነዚህና ከመሰሎቻቸው ስምንት መርሖች ተቀምረዋል፤ ሕጉን ተጠቃሚው ራሱ እንዲያሻሽለው፣ ቅጣቱ ደረጃ በደረጃ እንዲሆን፣ መንግሥትም ይህን መብት እንዲያውቅ የሚሉት ይገኙባቸዋል።

ኢትዮጵያ ከመጽሐፉ ዋና ዋና ምሳሌዎች መካከል የለችም። የቦረና ኤላዎች ቢጨመሩ መርሖቹን በአብዛኛው ባጸኑ ነበር። ኮንፊ የሚባለው ጉድጓዱን ያስቆፈረው ሰው ወይም ወራሹ ነው፤ የመጠጫውን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው፤ ሕጉም በየስምንት ዓመቱ በሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ይመከርበታል። እስከዚህ ድረስ ኦስትሮም ትክክል ናቸው። ነገር ግን ቱላ የተባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ፤ ውሃውም ወደ ገንዳው የሚደርሰው አንዱ ከአንዱ በላይ በተደራረቡ ሰዎች እጅ፣ በዜማ እየተመራ፣ መቅጃው ከእጅ ወደ እጅ ሲወረወር ነው። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር የሰው ብዛት ይጨምራል። ስለዚህ ከብቱ የበዛለት ሰው ብቻውን ሊያጠጣ አይችልም፤ የሌላውን ክንድ ይፈልጋል። መሐንዲሱ ኃይል የሚለውና ሕግ ዐዋቂው መብት የሚለው በኤላው ውስጥ ገና አልተለያዩም።

የመጽሐፉ ጉድለት እዚህ ላይ ይታየኛል። ኦስትሮም ጉልበትን አልዘነጉትም፤ ነገር ግን የመዘገቡት አባሉ የሚከፍለው መዋጮ አድርገው ነው። በቱላ ግን ጉልበት ከመዋጮ ያለፈ የመደራደሪያ አቅም ነው። ከብት ያነሰው ሰው በጉባኤው ቃሉ የሚደመጠው ያለ እርሱ ውሃው ስለማይወጣ ጭምር ነው። ከብቱ በድርቅ ወራት በየሦስት ቀኑ የሚጠጣውም አባ ሄሬጋ ስለ ደነገገ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚቀዳ ክንድ አይገኝም። ይኸው ድካም የመንጋውን ቁጥር ይገታል፤ በዙሪያው ያለውንም ግጦሽ ያድናል።

እንግዲህ ሞተር ሲተከል የሚለወጠው ምንድን ነው? ኮሚቴ ይመረጣል፣ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል፣ ሪፖርቱም «ማኅበረሰብ አቀፍ» ይባላል። (ይህን ቃል የማይጠቀም የፕሮጀክት ሰነድ እስካሁን አላነበብሁም።) ነገር ግን ናፍጣውና መለዋወጫው ከከተማ ይመጣል፤ የቀጂው ክንድም ዋጋ ያጣል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው ሦስተኛው የከብት ልማት ፕሮጀክት በቦረና በመሣሪያ ኩሬዎችን ሲያስቆፍር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ያለ ክንድ የተገኘው ውሃ ለዝናብ ወቅት ብቻ ይጠበቅ የነበረውን ግጦሽ ለረጅም ጊዜ አስያዘው። የፀሐይ ኃይል ፓምፕ የናፍጣውን ወጪ ያስቀራል፤ የሥልጣኑን ጥያቄ ግን አይፈታውም።

ይህ ማለት ሰው በ30 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይኑር ማለት አይደለም። ሥራው አድካሚና አደገኛ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ዜማውን ብቻ የሚያደንቅ ምሁር ይህን ሊረሳ አይገባውም። ጥያቄዬ ክንዱ የነበረውን ድምፅ ምን ይተካዋል የሚል ነው።

የአገራችን ሕግም መልስ አልሰጠበትም። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሀብትን ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ንብረት ካደረገ በኋላ፣ በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አይጠየቅም ይላል። ነፃነቱ የታሰረው በእጅ ነው። ለአባ ሄሬጋ ግን አንድም አንቀጽ አልተመደበለትም፤ በፓምፑ ጊዜም ተራ መዳቢው እርሱ ይሁን ወይስ የሞተሩን ቤት ቁልፍ የያዘው ኦፕሬተር፣ ለየቀበሌው አጋጣሚ ተትቷል።