መርዶና የምርመራ ውጤት

የሕክምና አንትሮፖሎጂ ምሁሯ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካው «ዌስተርን ጆርናል ኦቭ ሜዲስን» ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ሐኪም ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከባድ የሕመም ዜና እንዴት መንገር እንዳለበት የሚያብራራ ነው። የተጻፈው በአሜሪካ ለሚሠሩ ሐኪሞች ነው። ይሁን እንጂ በውጭ አገር ሠልጥነው በአገራችን የሚያገለግሉ ሐኪሞችና ነርሶች ስለ ሕዝቡ ባህል ትምህርት ይሰጣቸው ሲባል፣ ይህን መሰሉ ምክር መጠቀሱ አይቀርም። የጎንደር የሕክምና ፋኩልቲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተቋቋመ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ምክሩ ለደባርቅና ለዳባት ታካሚ ምን ያህል እንደሚበጅ መመዘን ይገባል።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ግልጽ ነው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከባድ ሕመምን በቀጥታ ለታማሚው መንገር እንደ ጭካኔ ይቆጠራል፤ ዜናው አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቢነገርና እርሱ ጊዜና ቦታ መርጦ ቢያደርሰው ይሻላል የሚል ነው። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በአንድ አገር ግልጽነት የሚባለው ተግባር በሌላው ዘንድ ልብ መስበር ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ለውጭው ሐኪም አሳይቷል። «ለእሱ አትንገሩት፣ ለእኛ ንገሩን» የሚል አስታማሚ ያልገጠመው የጤና ባለሙያም ብዙ አይገኝም።

ሆኖም ምክሩ እንዳለ ሲወሰድ ሁለት እንከኖች ይታዩበታል። አንደኛው፣ የመርዶን ሥርዓትና የምርመራን ውጤት እንድናመሳስል የሚጋብዝ መሆኑ ነው። መርዶ የሌላ ሰው ሞት ዜና ነው፤ የሞተው ሞቷልና ቢዘገይ የሚጎድል ነገር የለም። ደግሞም መነገሩ አይቀርም፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳል። የሕመም ዜና ግን የሚመለከተው በሕይወት ያለውን ታማሚ ራሱን ነው። መድኃኒት መጀመር፣ ወደ ጎንደር ተልኮ መታከም፣ የትዳር ጓደኛን ማስመርመር የሚጠብቀው ሰው እርሱ ነው። እንዲህ ያለው ዜና ሲዘገይ በሽታው ይብሳል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ሳይነገር ይቀራል።

ሁለተኛው፣ «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል ሳይመረምር ማለፉ ነው። በስደት አገር ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው አንድ ዘመድ ወይም አንድ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። መኪና ከማይገባበት የሰሜን ተራራ መንደር በቃሬዛ የመጣን ታማሚ ግን ጎረቤቱ በሙሉ ተፈራርቆ ነው የተሸከመው። ከእነዚህ መካከል ምስጢሩን ሊሰማ የሚገባው ማን ነው? ታማሚዋ ሴት ስትሆን ደግሞ ዜናው በቅድሚያ ለባል ከተነገረ፣ መታከሟም ሆነ አለመታከሟ እርሷ ሳትሰማ ሊወሰን ይችላል። ባህልን አከበርን ስንል የአንዱን ወገን ሥልጣን ብቻ እንዳናከብር ያሰጋል።

ዜናው በሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ቃሉም ይለወጣል። በአማርኛ «ነቀርሳ» ሲባል ካንሰር ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ግን ቲቢ ነው። መደበኛው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር የሚወስድና በአግባቡ ከተከታተሉት የሚያድን ነው። ከሐኪሙ አፍ የወጣው ቃል በዘመድ በኩል ታማሚው ጆሮ ሲደርስ «ነቀርሳ ነው» ከተባለ፣ ሊድን የሚችል ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። በሌላ ቋንቋ ተምሮ ለመጣ ባለሙያ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው፤ የቃሉን ሁለት ፊት አያውቀውምና።

እንግዲህ ከመርዶ ሥርዓታችን መውሰድ ያለብን መደበቁን ሳይሆን አነጋገሩን ነው፤ ሰውን ብቻውን አለመንገር፣ በጥድፊያና በመተላለፊያ ላይ አለመንገር፣ ከተናገሩ በኋላም ጥሎ አለመሄድ። ቤይልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ለካንሰር ሐኪሞች ያቀረቡት ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያም፣ ከመንገር በፊት ታማሚው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ እንዲጠየቅ ያዛል። ለእኛ ሁኔታ አንድ ጥያቄ መጨመር ይበቃል፦ «ውጤቱ ሲደርስ ከማን ጋር ሆነው መስማት ይፈልጋሉ?» ይህ ጥያቄ መቅረብ ያለበት ናሙናው ሲወሰድ፣ ሁሉም ገና ሳይደነግጥ፣ አስታማሚዎች ለጥቂት ጊዜ ውጭ ሲቆዩ ነው። ታማሚው «ለልጄ ንገሩልኝ፣ እኔ አልሰማም» ካለም ምርጫው የራሱ ነው፤ ይከበርለታል።

የየውብዳር ጽሑፍ ዛሬም ሊነበብ ይገባዋል። ነገር ግን ሠልጣኙ «ኢትዮጵያውያን እንዲህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ይዞ እንዲወጣ ሳይሆን፣ ፊቱ ያለችውን አንዲት ታማሚ መጠየቅን እንዲለምድ ሊያገለግል ይገባል። ይህ ትምህርት ደግሞ ከውጭ ለመጡት ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ከተማ ተወልዶ በእንግሊዝኛ ሕክምና የተማረና በሊማሊሞ ግርጌ ስላለው መንደር አኗኗር ያልሰማ ወጣት ሐኪምም እኩል ያስፈልገዋል።