ከብሩ በታች ያለው ሥራ

ሾላ ገበያ ቅቤ የምትገዛ እናት ላዩን ብቻ አይታ ገንዘቧን አታወጣም። ጣቷን ሰደድ አድርጋ ከመሀሉ ታወጣለች፣ ታሸታለች፣ ዋጋ የምትጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ያረጀ ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ ፊት የቆመ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላዩ አያልፍም። በብር የተለበጠ እጀታና «የቅድመ አያቴ ነበር» የሚል ወሬ ካገኘ ይበቃዋል። ጥሩ ሥራ የሚገኘው ከብሩ በታች ነው። በአገራችን ደግሞ ሥራው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ አንዱ በቤልጂየም ሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ ሴንት ኤቲየን ተቀምጦ የሠራው ነው፣ ሌላው እዚህ በተሰበረ ቁጥር እየጠገነ ለእኛ ያደረሰው። አንዱን አይቶ ሌላውን የዘለለ ሰው መሣሪያውን በግማሽ ነው ያየው።

የምናገረው ስለ ጥቁር ባሩድ ዘመን መሣሪያ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ የሠራው በ1884 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ጠመንጃና ሽጉጥ የሚጎርሱት ከድኝ፣ ከከሰልና ፖታሲየም ናይትሬት ከሚባለው ጨው የተቀመመውን ጭሳም ባሩድ ነበር። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ቴዎድሮስ በስጦታ የላከቻቸው ሽጉጦች የዚያ ዘመን ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያሳለፉት ከስጦታው በአንዱ ነው። ስለዚያ ሽጉጥ ብዙ ተብሏል፤ የሚባለው ግን ሁሉ ስለ ሞታቸው ነው። ቃታው እንዴት እንደሚሳብ፣ ብረቱ ከእንጨቱ ጋር እንዴት እንደገጠመ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ስጦታው ለንጉሥ የተመረጠ የእጅ ሥራም ነበርና።

ከሁሉ በፊት መሣሪያው በየትኛው ስልት እንደሚሠራ መለየት ያስፈልጋል። ከሾላ ሆኖ ወደ ሰሜን ቀና የሚል ሰው የሚያየው የእንጦጦ ሸንተረር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. 2,040 ባለ ካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት በግመል አስጭኖ ከታጁራ ሸዋ ገባ። ከምኒልክ ጋር ሒሳቡን የተነጋገረው እንጦጦ ላይ ነው፤ በዋጋውም እጅግ አዝኖ ተመልሷል። እኔ ግን ለምኒልክ እፈርዳለሁ። ባለ ካፕሱሉ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ መዶሻው ትንሽ ካፕሱል መትቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥልበት፣ ያኔ ጊዜው ያለፈበት መሣሪያ ነው። እንግሊዞች መቅደላ የወጡት ከኋላ በሚጎርሰው ሰናድር ነበር። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከግብፅ ጦር የተማረከው ደግሞ እንደዚያው ከኋላ የሚጎርሰው ረሚንግተን ነው። ከእነዚህ በኋላ የመጣው የፈረንሳዩ ውጅግራ፣ የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ 11 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ያለውና አንድ አንድ የሚጎርስ ሲሆን፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ከ5 ግራም ጥቂት በሚበልጥ ባሩድ ይተፋል። እነዚህን በዓይን መለየት የቻለ ሰው የሻጭ ታሪክ አያታልለውም። ባለ ካፕሱል ሽጉጥ ይዞ «ዓድዋ ላይ አዲስ መሣሪያ ነበር» የሚለውን በአንድ እይታ ይመልሰዋል።

መሣሪያውን ከማንሳትዎ በፊት ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። በአፈሙዙ የሚጎርስ መሣሪያ ከመቶ ዓመት በፊት ጎርሶ ሳይተኮስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ደረቅ የቆየ ጥቁር ባሩድም አይሞትም። ቀጭን የእንጨት ዘንግ እስከ መጨረሻው አስገብተው ጥልቀቱን ከውጭው የአፈሙዝ ርዝመት ጋር ያስተያዩ። ዘንጉ ቀድሞ ከቆመ ውስጡ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ያኔ መሣሪያውን አስቀምጦ ለባለሙያ መስጠት እንጂ መጎርጎር አይገባም።

አሁን ብረቱና እንጨቱ የተገናኙበትን መስመር ይዩ። ጥሩ ባለሙያ እንጨቱን የጠረበው ብረቱ ራሱ ተጭኖ ያረፈ እስኪመስል ድረስ ነው፤ በመካከላቸው ወረቀት አያስገባም። በሰም ወይም በቫርኒሽ የተደፈነ ክፍተት ካለ ሰሪው ቸኩሏል፣ አለዚያም እንጨቱ የሌላ መሣሪያ ነው። ቀጥሎ የብሎኖቹ ራስ። ስንጥቁ ቀጭንና ጠርዙ ሳይበላ የቆየ ብሎን ልክ ባልሆነ ካቻቢቴ ያልተጎረጎረ ነው። እኔ ከየትኛውም ጌጥ በፊት ብሎን አያለሁ።

መዶሻውን በአውራ ጣት ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ሲስቡት ሁለት ጊዜ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለበት፤ አንዱ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ሁለተኛው ሙሉ ሲነሳ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቃታው ሲነካ የሚወርድ ከሆነ የውስጡ ጥርስ ተበልቷል፤ ምንም ያህል ቢያምር አይተኮስበትም። በባለ ካፕሱል ላይ የመዶሻው አፍ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ካፕሱሉ ሲፈነዳ ስብርባሪው ወደ ዓይን እንዳይበር ይከድነዋል። መዶሻው ካፕሱሏ በምትቀመጥባት ትንሽ ጡት ላይ እኩል ማረፉን፣ ጡቷም ተቀጥቅጣ እንዳልተደፈጠጠች ይመልከቱ።

ከዚያ የአፈሙዙ ውስጥ። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ተተኩሶ ቶሎ በሙቅ ውሃ ካልታጠበና ደርቆ ቅባት ካልተቀባ ብረቱን ይበላዋል። መብላት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ባሩዱ ከሚቃጠልበት ከሥሩ ነው። ስለዚህ አፉ ጋ የሚያብለጨልጭ አፈሙዝ ምንም አያስረዳም፤ በትንሽ ባትሪ እስከ ታች ይዩ። ጠመዝማዛ ቦይ ካለው ጠርዙ እስከ ሥሩ ስል ሆኖ ከታየ፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ውሃ ያፈላ ሰው ነበረው ማለት ነው።

ብረቱ ላይ በተመታው ማኅተም ብዙ አልቆይም። የሊዬዥ መፈተኛ ማኅተም በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ያሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ በላዩ ዘውድ ካለበት ከ1893 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተመታ ነው። የውጭ ሰብሳቢዎች በመሣሪያው ክፍሎች ላይ ያሉት ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ ዋጋ ይቀንሳሉ። በእኛ አገር ይህ መለኪያ አይሠራም። እዚህ የደረሰ ውጅግራ ተማርኮ፣ ተሸልሞ፣ ተወርሶ፣ የአንዱ መዝጊያ ለሌላው ተሰጥቶ የኖረ ነው።

ወደ ጠጋኙ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። የጠመንጃም የሽጉጥም ደካማ ቦታ እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ አንገት ነው። ሲሰበር ጠጋኙ እርጥብ ጥሬ ቆዳ ይጠቀልልበታል፤ ቆዳው ሲደርቅ እየተኮማተረ እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት ያንቀዋል። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ወጥተው አሜሪካ ለሰብሳቢ በተሸጡ ያረጁ ጠመንጃዎች ላይ ይህ ጥገና በብዛት ይታያል፤ እዚያ እንደ ጉዳት የሚቆጥሩት አሉ። ጉዳት ነው ብሎ ማለፍ ግን ስንፍና ነው፤ ጥገናውም በራሱ ደረጃ ይመዘናል። ቆዳው አንድ ወጥ ነው ወይስ ቁርጥራጭ? ስፌቱ ጉንጭና መዳፍ በማይነኩት ከታች በኩል ውሏል? ጠርዙ ሳስቶ ተልጓል ወይስ እንደ ደረጃ ቆሟል? ከሥሩ ያለው ስብራት መጀመሪያ ተስተካክሎ ገጥሟል ወይስ ጠማማውን እንዳለ ሸፍኖታል? በሽቦ የታሰረ ከሆነ ጥምጥሙ ሳይደራረብ ጎን ለጎን መተኛት፣ ጫፉም ወደ ውስጥ መቀበር አለበት። የነሐስ ማጣፊያ በሚስማር ተመትቶ ከሆነ የሚስማሩ ራስ በሞረድ ተበልቶ ከነሐሱ እኩል ይሆናል፤ ጣት ሲሄድበት አይሰማም። ሰደፉ እንዳለ ተቀይሮ በዋንዛ ቢጠረብ እንኳ የእንጨቱ ጅማት በአንገቱ በኩል ርዝመቱን ይዞ መሄዱን ይዩ፤ ጅማቱ በአንገቱ ላይ አግድም የቆረጠ እንደሆነ ተመልሶ ይሰበራል። ይህን ሁሉ ያሟላ ጥገና ስሙ ያልተጻፈ ባለሙያ ሥራ ነው፤ እኔ ከዋናው ሰሪ እኩል አስቀምጠዋለሁ።

በጥቁር ባሩድ ሽጉጥ መተኮስ ዛሬም ስፖርት የሆነባቸው አገሮች አሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዓለም ውድድር በ25 ሜትር ርቀት፣ በ30 ደቂቃ 13 ጥይት ያስተኩሳል፤ የሚቆጠሩት የተሻሉት 10 ብቻ ናቸው። አንዱ የውድድር ዘርፍ ኮሚናትሶ ይባላል፤ በጣሊያን ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ በአፈሙዝ ሥራቸው የታወቁት ቤተሰቦች ስም ነው። ዛሬ የጥንቱ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ቅጂዎች በብዛት የሚሠሩትም በዚያው አካባቢ ነው። ቅጂ ሲመዘን መዶሻው ሙሉ እንደተነሳ ሲሊንደሩ ወደ ጎን መወዛወዝ የለበትም፤ እያንዳንዱም ጉድጓድ ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ልክ መቆም አለበት። ተኳሾቹ በእርሳሱ ፊት ስብ ይቀባሉ፤ ጥላሸቱን ያለሰልሳል፣ እሳቱም ወደ ጎረቤት ጉድጓድ እንዳይዘል ይከላከላል።

በአገራችን ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በሕግ የተከለከለ ነው። ከአያት የወረደ ነፍጥ ቤት ያለው ሰው አስቀድሞ ሕጋዊ መንገዱን ይጨርስ። ከዚያ በኋላ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉት፣ ቫርኒሽ አይቀቡት፣ ያረጀውን ቆዳ «ለማሳመር» አይፍቱት። ዘይት በነካ ጨርቅ ዝገቱን ብቻ ያብሱ። ቤት ያሉትን አረጋውያንም ማን እንደተኮሰበት ከመጠየቅ በፊት ማን እንደጠገነው፣ በየትኛው መንደር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ይጠይቁና ወረቀት ላይ አስፍረው ከመሣሪያው ጋር ያኑሩት።