ጥሩ ፎርም በምን ይታወቃል?

በወርድ የተዘጋጀ ፎርም በጥቂት መስመር ኮድ ከዳታቤዝ ጋር ሲገናኝ የቢሮ ሥራ መልኩ ይለወጣል። የባለጉዳዩ ስም አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ሸኚ ደብዳቤውም፣ መዝገቡም፣ የዓመቱ ሪፖርትም ከዚያው ይቀዳሉ። ይህን ሥራ በወረቀቱ ማማር የሚመዝን ይሳሳታል። ጥራቱ የሚለካው የገባው መረጃ ሳይዛባ ተመልሶ በመውጣቱ ነው። ለመፈተን እንዲመቸን ባሌ ሮቤ ላይ የሶፍ ዑመር ዋሻ ጎብኚዎች መመዝገቢያ ተሠራ እንበል።

መጀመሪያ የቦታውን ስም እዩ። ሶፍ ዑመር፣ ሶፍ ኡመር፣ ሶፍ ኦማር ለአንባቢ አንድ ዋሻ፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ናቸው። በቁቤና በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ጎበዝ ባለሙያ የቦታ ስም በእጅ አያስጽፍም፤ ከሠንጠረዥ በሚመጣ ዝርዝር ያስመርጣል፣ ከጀርባውም መለያ ቁጥር ያስቀምጣል። የአስተዳደር ወሰን ሲለወጥም፣ ለምሳሌ ምሥራቅ ባሌ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን፣ እንዲህ ባለው ሥራ የሚታረመው ሠንጠረዡ ብቻ ነው፤ አድራሻ በእጅ በተጻፈበት ግን እያንዳንዱ መዝገብ መነካት አለበት።

ቀጥሎ የሰው ስም። ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም የየራሳቸው ሳጥን ሊኖራቸው ይገባል። ሦስቱም ስማቸው የሚገጥም ሰዎች ስላሉ መለያው ስም ሳይሆን ቁጥር ይሁን። ባሌ ውስጥ ደግሞ የማይታለፍ ፈተና አለ፦ በአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ውስጥ ሁዻ የሚባለው ነጠላ ምልክት። ኮዱ ስሙን ከዳታቤዙ ትእዛዝ ጋር እንዲያው የሚቀጥል ከሆነ ምልክቱ የስሙ መጨረሻ ተደርጎ ይቆጠርና ምዝገባው ይቋረጣል። ሁዻውን ከስሙ አውጥቶ ችግሩን ፈታሁ የሚል ሠሪ የሰውን ስም አጉድሏል። ትክክለኛው መንገድ ስሙን ከትእዛዙ ለይቶ በፓራሜተር ማሳለፍ ነው።

ቀን ከሁሉ ይበልጥ ያጋልጣል። ጳጉሜን 5 ቀን 2015ን 5/13/2015 ብላችሁ አስገቡ። ደካማ ኮድ የአውሮፓውያኑ ሜይ 13 አድርጎ ይቀበለዋል፤ ይህም በእኛ ግንቦት 5 ቀን 2007 ነው። ስምንት ዓመት ያህል ሲጠፋ የስሕተት መልእክት እንኳ አይመጣም። ጥሩ ሥራ ቀን፣ ወርና ዓመትን ለየብቻ ይቀበላል፤ አስልቶ በአንድ አቆጣጠር ያስቀምጣል፤ በሚታተመው ወረቀት ላይ የእኛን ይመልሳል። ጳጉሜን 6 በ2015 እንደነበረች፣ በ2016 እንዳልነበረችም ያውቃል።

አሁን ኮዱን ክፈቱ። የወርድ የማክሮ መጻፊያ ገጽ የግእዝ ፊደል አይችልም፤ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። ስለዚህ ልባም ሠሪ የአማርኛ መልእክቶችን ከኮዱ አውጥቶ በሠንጠረዥ ያኖራል። የዳታቤዙ አድራሻም በየመስመሩ ከተበተነ መጥፎ ምልክት ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ መገኘት አለበት።

አንድ ሰው ብቻ መዝግባችሁ አትርኩ። በቡክማርክ ተመክቶ የተሠራ ፎርም የመጀመሪያውን ስም ሲጽፍ ቡክማርኩን ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሁለተኛው ጎብኚ ላይ ይቆማል። ከወርድ 2007 ጀምሮ ያሉት ኮንቴንት ኮንትሮሎች ለዚህ የተሻሉ ናቸው። የደብዳቤ ቁጥሩንም በሁለት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ጠይቁ፤ አንድ ቁጥር ለሁለት ደብዳቤ ከወጣ መዝገብ ቤቱ ይታመሳል። በመጨረሻ እየመዘገባችሁ ሳለ መብራት እንደጠፋ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን አጥፉ። ስትመለሱ ሰውየው ከነሙሉ መረጃው መገኘት ወይም ጨርሶ አለመመዝገብ አለበት፤ ግማሽ መዝገብ ካለመመዝገብ የከፋ ነው።

ፎርም ስትረከቡ ሠሪው በመረጠው ምሳሌ አትፈትኑት። ሁዻ ያለበት ስም፣ የጳጉሜን ቀንና ሁለት ተከታታይ ባለጉዳይ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ኮዱንም ላልሠራው የቢሮ ባልደረባ አስነብቡ። እሱ የዳታቤዙን ቦታ ራሱ መቀየር ከቻለ፣ መረጃውም እንደገባ ከወጣ፣ በርክክቡ ሰነድ ላይ ፈርሙ። ካልሆነ፣ ፎርሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መልሱለት።