ሳፋውን አንሺና ሰዓት እዪ

«ሲስተር፣ ልጁ እንዲህ እየነደደ ለምን በእርጥብ ጨርቅ አናብርደውም?» አለችኝ በቅርቡ ሕፃናት ክፍል የተመደበች ነርስ። ሳፋውን ውኃ ሞልታ ይዛዋለች። ብዙዎቻችን የሠለጠንነው በዚሁ ስለሆነ አልፈረድኩባትም። እኔ ግን ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን አጠገብ ሳፋ ማየት አልወድም።

ቀዝቃዛ ውኃ ልጁን ያንዘፈዝፈዋል፣ መንዘፍዘፉ ደግሞ መልሶ ሙቀት ያመነጫል። አልኮል ከሆነ የባሰ ነው፤ በቆዳ ገብቶ ይመርዛል። ፓራሲታሞል ስሰጥም ልጁን ቀለል እንዲለው እንጂ ሁለተኛ አያንቀጠቅጠውም ብዬ ለእናቱ ቃል አልገባም። ከሁሉ በላይ ጨርቁን የምጠላው እጅና ዓይን ስለሚወስድ ነው። ስንነክርና ስንጨምቅ ማንቀጥቀጡ መቼ እንደጀመረው፣ በየትኛው ጎኑ እንደጀመረው ያየ አይኖርም።

ሕክምናውን የሚወስነው ግን ያ ነው። 5 ደቂቃ ካለፈ ዲያዜፓም ይሰጣል፤ ከቤቱ እያንቀጠቀጠው የደረሰ ልጅማ 5ቱን ደቂቃ በመንገድ ጨርሷቸዋል። 15 ደቂቃ ከቆየ፣ አንድ ጎኑን ብቻ ከያዘው ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ከደገመው፣ ቀላሉ የትኩሳት ማንቀጥቀጥ ዓይነት አይደለም። የደም ስኳር ማነስን፣ ወባን፣ ማጅራት ገትርን መጠርጠር ይከተላል።

አንድ ማታ ያንቀጠቀጠው ልጅ ይዘው የመጡ ቤተሰቦች ትዝ ይሉኛል። አያትየው ክብሪት ጭረው አሽትተውታል፣ አባትየው በጥርሱ መሃል ማንኪያ ሊከት ታግሏል። ስንት ደቂቃ እንደቆየ ስጠይቅ ሁሉም «ብዙ» አሉ። ታላቅ እህቱ፣ ገና ተማሪ ናት፣ «ዜናው ሲጀምር ጀመረው፣ ስፖርቱ ሳይደርስ ተወው» አለች። ከዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው ለተረኛው ሐኪም የሚረባ ነገር የያዘችው እሷ ነበረች።

በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ። ልጁን በጎኑ አስተኝቶ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱ፣ አተነፋፈሱንና ሰዓቱን እያዩ መቆምን ይህ ሥራ ነው ያስተማረኝ። ቤቴም ሰው ሲታመም አሁን መጀመሪያ አያለሁ፣ ከዚያ እነካለሁ። የልጁን እናት አጠገቤ የማቆማትም እንድታይ ነው። ልጇ እጇ ላይ የሞተ መስሏት የመጣች ሴት፣ ሲነቃ ራሷ ካላየች በቃል የምነግራት አይገባትም።

ነርሶች፣ ካርዱ ላይ «አንቀጥቅጦታል» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ የጀመረውንና የተወውን ደቂቃ ጻፉ። እናቲቱን ስታሰናብቱም፣ ከሦስት ልጆች አንዱን ያህል እንደገና ሊያንቀጠቅጠው እንደሚችል ሳትነግሯት አትሸኟት።