አስመሳዩ ትርኢት እና እውነተኛው ፍርሃት

ሪያሊቲ ሾው፣ ማለትም ያለ ድርሰት የሰዎችን ገጠመኝ እንዳለ ያሳያል ተብሎ የሚቀርበው የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ ለአስፈሪ ፊልም ሠሪ የሚሰጠው ዋነኛ ጥቅም ካሜራው በቦታው የተገኘበትን ምክንያት አስቀድሞ ማስረዳቱ ነው። በተለመደው ልቦለድ ፊልም ካሜራው ከታሪኩ ውጭ ሲቆም፣ ሪያሊቲ ሾውን በሚያስመስለው የአስፈሪ ፊልም ዘውግ ግን የታሪኩ አካል ይሆናል፤ የሚይዘውም ሰው ለአደጋው የተጋለጠ ገጸ ባሕርይ ነው። ሆኖም ይህ ምቹ መነሻ ብቻውን አያስፈራም፤ ፍርሃቱ የሚወለደው ፊልም ሠሪው መንፈሱን ከማምጣቱ በፊት የትርኢቱን ማስመሰል በጥንቃቄ ሲገነባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የካናዳ ፊልም «ግሬቭ ኢንካውንተርስ» ይህን በግልጽ ያሳያል። ኮሊን ሚኒሃን እና ስቱዋርት ኦርቲዝ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በነበረው ሪቨርቪው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የቀረጹት ይህ ፊልም፣ በተተወ ሆስፒታል ለማደር በር አስቆልፈው የገቡ የመንፈስ አሳሽ ፕሮግራም ባልደረቦችን ይከተላል። የፕሮግራሙ አቅራቢ ለአንድ አትክልተኛ ገንዘብ ከፍሎ መንፈስ አይቻለሁ ያሰኘዋል፤ መናፍስትን አነጋግራለሁ ባዩም አስመሳይ ነው። ተመልካቹ ማታለሉን ስለሚለምድ ሁሉን መጠርጠር ይጀምራል፤ በኋላ ግን የመውጫው በር ተሰብሮ በስተጀርባው ሌላ ኮሪደር ሲታይ፣ ጥርጣሬው አያስጥለውም።

ይኸው ስልት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1992 ቢቢሲ ባሰራጨው «ጎስትዎች» ታይቷል። ስቴፈን ቮልክ ጽፎት ሌስሊ ማኒንግ ያዘጋጀችው ይህ ድራማ፣ አስቀድሞ የተቀረጸ ሆኖ ሳለ የቀጥታ ስርጭት መስሎ የቀረበ ሲሆን፣ ማይክል ፓርኪንሰንን የመሰሉ እውቅ የቴሌቪዥን ሰዎች በገዛ ስማቸው ተውነውበታል። በመሐል መንፈስ አለበት ተብሎ በሚቀረጸው ቤት ከሚኖሩት ልጆች አንዷ የመንፈስ ነው የተባለውን ድምፅ ራሷ ስታሰማ ትያዛለች፤ ተመልካቹ ነገሩ ውሸት ነው ብሎ በተዝናና ጊዜም እውነተኛው ጥቃት ይበረታል። መንፈሱ ራሱ የሚታየው በጨረፍታ ነው፤ አንዳንዴም ማንም ሳይጠቁመው ያልፋል።

የኮሪያው ዳይሬክተር ጁንግ ቦም-ሺክ እ.ኤ.አ. በ2018 በሠራው «ጎንጂያም» ደግሞ ቴሌቪዥኑ በኢንተርኔት የቀጥታ ስርጭት ተተክቷል። የአሳሾቹ ቡድን መሪ መንፈስ አለበት ከሚባለው የተተወ ሆስፒታል ውጭ በድንኳን ተቀምጦ የተመልካቾችን ቁጥር ይከታተላል፤ ወደ ውስጥ የገቡት ደግሞ አንዱ አካባቢያቸውን፣ ሌላው ፊታቸውን የሚቀርጽ ካሜራ በሰውነታቸው ላይ አስረዋል። ፊታቸው ስክሪኑን ሲሞላ ያስፈራቸው ነገር ከተመልካቹ ስለሚሰወር፣ ምናቡ የጎደለውን ይሞላዋል።

በእነዚህ ሥራዎች ማታለሉ ለታሪኩ መሸጋገሪያ ብቻ ሳይሆን የገጸ ባሕርያቱም ጥፋት ነው፤ የሌሎችን ስቃይና ሞት ለተመልካች ቁጥር የሸጡ ሰዎች፣ እውነቱ ሲመጣ የሚያምናቸው አይገኝም፤ እነሱም ካሜራቸውን ማጥፋት አይችሉም። ስለዚህ በዚህ ዘውግ የሚሠራ ሰው ከድንገተኛ ጩኸትና ከመኳኳያ አስቀድሞ የሐሰተኛውን ፕሮግራም መግቢያ ሙዚቃ፣ የአቅራቢውን አነጋገርና የካሜራዎቹን አቀማመጥ በሙሉ ትጋት ማዘጋጀት ይገባዋል፤ ተመልካቹ ያላመነው ትርኢት ቢፈርስ አያስደነግጠውምና።