ዝም ስላለው ቤት፦ በፖስታ የሚላክ መጠይቅና የዲልማን መጽሐፍ

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ዶን ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ፖስታና ስለ ስልክ መጠይቅ ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ወደየቤቱ የሚላክ መጠይቅ መልስ የሚያጣበትን ምክንያት ከተቀባዩ ስንፍና ሳይኾን ከላኪው አሠራር የሚፈልግ ነው። የመጽሐፉ ትልቅ ዋጋም ከዚህ ላይ ነው።

እንደ ደራሲው አሳብ፣ ሰው መልስ የሚሰጠው ጥቅሙ ከድካሙ በልጦ ሲታየውና ላኪውን ሲያምነው ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በተቀባዩ ስም ተጽፎ በእጅ ይፈረማል፤ መጠይቁ በትንሽ ደብተር መልክ ይታተማል፤ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ቀላል ጥያቄም ይቀድማል። በሳምንቱ የምስጋናና የማስታወሻ ካርድ፣ ከመጀመሪያው መላኪያ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ቅጂ፣ በሰባተኛው ሳምንት ደግሞ ተቀባዩ ፈርሞ የሚረከበው ደብዳቤ ይላካል።

ይኹን እንጂ የመጨረሻው ርምጃ ከመጀመሪያው ጋር አይስማማም። በትሕትና የተጀመረ ልመና በፊርማ ርክክብ ሲፈጸም መልሱ የእምነት ፍሬ ነው ወይስ የግፊት የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

ከዚህ የሚከብደው ግን፣ አሠራሩን ብቻ የቀዱ ሰዎች የመላሾችን ብዛት የእውነት መለኪያ ማድረጋቸው ነው። ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት በ1936 ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ የምርጫ መጠይቅ ልኮ 2.3 ሚሊዮን ያኽል ተመለሰለት፤ ላንደን ያሸንፋሉ ብሎም ተነበየ። ሮዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፉ። ፔቨሪል ስኳየር በ1988 እንዳስረዱት፣ ስሕተቱ የመጣው ከተላከላቸው ሰዎች አመራረጥ ብቻ ሳይኾን ከመላሾቹና ዝም ካሉት ልዩነትም ጭምር ነበር። ሮበርት ግሮቭስም በ2006 ብዙ ጥናቶችን አመዛዝነው፣ የመላሾች መጠን ብቻውን የስሕተትን መጠን በደንብ እንደማያመለክት አሳይተዋል።

ዲልማን ራሳቸው በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አንድ ወጥ አሠራር ለኹሉ እንደማይበቃ አምነው አሠራሩ እንደ ጉዳዩና እንደ ሕዝቡ እንዲለካ አድርገዋል። ይህ መታረም የሚያስመሰግናቸው ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው ወደ ፖስታ ሣጥን እንጂ ወደ ቤት ደጃፍ ስላልኾነ፣ ሣጥን የሌለው ቤተ ሰብ ዝም ከማለቱ አስቀድሞ ሳይጠየቅ ይቀራል። እንግዲህ ተመራማሪ የተመለሱትን መልሶች ከመቍጠሩ በፊት፣ ማን እንዳልተጠየቀና ማን ተጠይቆ ዝም እንዳለ ለይቶ መጻፍ ይገባዋል። ይህን ያላደረገ ጥናት መልሱ ምንም ቢበዛ፣ የሚናገረው ስለ መለሱት ሰዎች እንጂ ስለ ሕዝቡ አይደለም።